ብር ከመላካችሁ በፊት

ከጎንደር ተደውሎ «የእህትሽ ጡት ላይ እብጠት ተገኘ» ሲሉኝ ወዲያው ብር ላክሁ። ፍራንክፈርት ተቀምጦ ሌላ ምን ይደረጋል? ብሩ በማግስቱ ደረሰ። ህክምናው ግን ካለበት ፈቀቅ አላለም። ለካ የባዮፕሲው፣ ማለትም ካንሰር መሆኑን ለማየት ከእብጠቱ የተወሰደው ናሙና ውጤት፣ 3 ሳምንት ሙሉ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። ቤተሰቦቼ «ሲደርስ ይደውሉልናል» ብለው ቁጭ ብለዋል፤ የሚደውል ግን አልነበረም። ሄዶ የሚጠይቅ ሰው ነበር የጠፋው።

«እንዴት ናት?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ደህና ናት፣ ተመስገን» ይሏችኋል፤ አለቀ። «አሁን የምንጠብቀው ምንድን ነው? የፓቶሎጂ (የናሙናው ምርመራ) ውጤት ነው? ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ነው? የጨረር ሕክምና ተራ ነው?» በሉ። እያንዳንዱን ወረቀት ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ይላኩላችሁ።

ኬሞ ብዙ ጊዜ በየ21 ቀኑ ነው። ከዚያ በፊት ደም ይታያል። ነጭ የደም ሴሏ ካነሰ ሐኪሙ ራሱ ያራዝመዋል፤ ለእሷው ሲል ነው። ያኔ «ዘመድ ፈልጉ» እያላችሁ ሰው አታስጨንቁ። መድኃኒት ሲጠፋ ነው ብራችሁ የሚሠራው። በሻንጣ ልላክ ካላችሁ ግን መጀመሪያ ሐኪሟን አማክሩ። ታሞክሲፈን የሚባለው የጡት ካንሰር መድኃኒት እንክብል ነው፣ ችግር የለውም። ትራስቱዙማብ የሚባለው በመርፌ የሚሰጠው ግን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ ሻንጣ ውስጥ ገንዘባችሁ ነው የሚበላሸው።

ጨረር የባሰው ነው። በአገሩ ለብዙ ዓመታት ጨረር ያለው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ወረፋውን አስቡት። ሐኪሙ ጨረር ያስፈልጋታል ካለ፣ ኬሞው እስኪያልቅ ሳትጠብቁ ሪፈሩ መቼ እንደሚጻፍ ጠይቁ። ከጎንደር አዲስ አበባ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መንገዱ ደግሞ እንደ ቀኑ ነው። ተራው ደረሰ ማለት በሳምንት 5 ቀን፣ ለሳምንታት መመላለስ ነው። ስለዚህ የቤት ኪራይና የአስታማሚ ወጪ ይያዝ። እህቴን ያስታመመቻት የአክስታችን ልጅ ናት፤ አዘዞ የነበራትን ትንሽ ሱቅ ዘግታ። እሷን «አንቺስ በምን ትኖሪያለሽ?» ያልኳት ከ4 ወር በኋላ ነው። አሁንም ያሳፍረኛል።

እማዬ ደግሞ «ጸበል ሳትገባ ኬሞ የለም» አለች። በስልክ ተጣላን። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ ከጀርመን ሆኜ ጸበል ልከልክል? ኋላ ሐኪሟን ጠየቅን፣ ደሟ ደህና ሲሆን በሁለት ኬሞ መሃል ትግባ አለ። እማዬ ራሷ ቀን ቆጥራ በ21ኛው ቀን ማለዳ ካርድ ክፍል ይዛት ተገኘች።