ክራርና መሲንቆን ከኤሌክትሮኒክ ምት ጋር ሲያዋሕዱ ማን ማንን ይከተል?

ውድ ጠያቂ፣ ጥያቄዎ ባጭሩ ይህ ነው፦ ክራር፣ መሲንቆና ዋሽንት ከኤሌክትሮኒክ ምት ጋር የተዋሐዱበት አልበም እያዘጋጁ ነው፤ ተጫዋቾቹ ጎበዞች ናቸው፣ የስቱዲዮ ዕቃውም አልጎደለም፤ ሆኖም ሥራው ሲደመጥ ባህላዊው ድምፅ በምቱ ላይ የተለጠፈ ይመስላል። በአዲስ አበባ ስቱዲዮዎች በቀረጻና በሚክሲንግ (የተቀረጹትን ድምፆች አመዛዝኖ በማዋሐድ) ሥራ ላይ የቆየሁ ሰው ስለሆንኩ ከዚያ ያየሁትን ላካፍልዎ። በእኔ ግምት ችግሩ ከሚክሲንግ በፊት፣ ማን ማንን እንደሚከተል በሚወሰንበት ሰዓት የተፈጠረ ነው። ማሽኑ ግትር ቢሆን ያን ያህል አይጎዳም፤ ጉዳቱ የሚመጣው ተጫዋቹም ግትር እንዲሆን ሲገደድ ነው።

ለዚህ የማቀርበው ማስረጃ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ ቀርጸው በካሴት ያወጡት «ሸሞንሟናዬ» የተሰኘው አልበም ነው። ኃይሉ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበሩ፤ ባንዱ በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ሄዶ ሙዚቃውን ካቀረበ በኋላ እዚያው ቀሩ። በዚህ አልበም ላይ ባንድ የለም። ብቻቸውን ሆነው በወጣትነታቸው የተማሩትን አኮርዲዮን አነሡ፤ ከሥሩ ሮድስ የተባለውን የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሲንተሳይዘርና ድራም ማሽን አስገቡ፤ ዜማዎቹን ደግሞ ሁላችንም ከምናውቀው የሕዝብ ዘፈን፣ ከአምባሰልና ከሽለላ ወሰዱ። ካሴቱ ከብዙ ዓመታት በኋላ ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ በተባለው አሳታሚ በ2013 እንደገና ሲወጣ የዓለም አድማጭ እንደ አዲስ ሥራ ተቀበለው። አኮርዲዮን ባህላዊ መሣሪያ አይደለም የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ትክክል ነው፤ ዜማውና የአጨዋወቱ ጠባይ ግን የኛው ነው፤ እኔም የምፈልገው እሱን ነው።

አልበሙን በጆሮ ማዳመጫ ደጋግመው ይስሙት። ድራም ማሽኑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ፈቀቅ አይልም፣ ቀለል ያለና ድርቅ ያለ ነው፣ አንዳንዴም የልጆች መጫወቻ ይመስላል። አኮርዲዮኑ ግን ከምቱ ጥቂት ቀድሞ ይገባል፣ ሐረጉን አዘግይቶ ይዘጋል፣ በአንድ ኖታ ላይ ተንጠልጥሎ ይቆይና ቀሪዎቹን በጥድፊያ ያወርዳቸዋል። ማንም ያንን እጅ ለማስተካከል አልሞከረም። የአልበሙ ሕይወት በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ዛሬ በኮምፒውተር ስንሠራ መጀመሪያ የምናጠፋው ደግሞ ይህንኑ ልዩነት ነው።

ኳንታይዝ ማድረግ የሚባለው ነገር፣ ማለትም ምቶቹን በኮምፒውተር እኩል ማሰለፍ፣ እዚህ ላይ ይመጣል። የችክችካ ምታችን በስድስት ስምንተኛ ይጻፋል እንጂ በሁለት ቆጥረውም በሦስት ቆጥረውም ሊሰሙት ይችላሉ፤ ከበሮ መቺው ክብደቱን ከአንዱ ወደ ሌላው እያዛወረ ነው የሚያስጨፍረው። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ምት በእኩል ርቀት ላይ ሲያስቀምጠው ያ መዛወር ይጠፋና የሠርግ ቤት ኪቦርድ ላይ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ምት ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ምክሬ ከበሮውንና ክራሩን አስቀድመው ያለ ክሊክ (ፍጥነት ጠባቂው የቲክ ቲክ ድምፅ)፣ ሁለቱን ተጫዋቾች ፊት ለፊት አስቀምጠው እንዲቀርጹ ነው። ከዚያ ፕሮግራሙ ፍጥነቱን ከቀረጻው ላይ እንዲወስድ ያድርጉት፤ አሁን ያሉት የቀረጻ ፕሮግራሞች አብዛኞቹ ይህን ይችላሉ። አድካሚ ሥራ ነው፣ አልዋሽዎትም። በክሊክ መቅረጽ ግድ ከሆነብዎ ደግሞ ለመሲንቆ ተጫዋቹ በጆሮው ቲክ ቲክ የሚለውን ድምፅ ሳይሆን የጭብጨባ ወይም የከበሮ ቅጂ ይላኩለት፤ በጭብጨባ ላይ መጫወት ዕድሜውን ሙሉ የኖረበት ነገር ነው። ቀረጻው ካለቀ በኋላ ግን የመሲንቆውን ትራክ አይንኩት፤ የሚስተካከል ነገር ካለ ከማሽኑ በኩል ይስተካከል።

ሁለተኛው ጉዳይ ቅኝት ነው፤ ብዙ ሰው የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን በፒያኖ ኖታ መጻፍ ይቻላል፤ ለምሳሌ አምባሰልን ከዶ ብንነሣ ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል ብለን እንጽፈዋለን። ነገር ግን ክራር ቃኚው ጆሮው እንደሚነግረው እንጂ ኪቦርዱ በሚያውቀው፣ በሁለት ጎረቤት ቁልፎች መካከል ባለው እኩል የ100 ሴንት ርቀት አይቃኝም። ልዩነቱ በአንቺሆዬ ላይ ከሁሉም ይበልጥ ይሰማል። በክራሩ ሥር ሰፊ የሲንተሳይዘር ኮርድ (አንድ ላይ የሚሰሙ ኖታዎች) ካስተኙበት ሁለቱም ትክክል ሆነው ሳለ አንዱ ሌላውን ቅኝቱ የወጣ ያስመስለዋል፤ አድማጩም ጥፋቱን በክራሩ ላይ ይጥላል። መፍትሔው ሁለት ነው። ወይ ሲንተሳይዘሩን በክራሩ መቃኘት ነው፤ ብዙዎቹ የሶፍትዌር መሣሪያዎች እያንዳንዱን ኖታ ለብቻው ከፍና ዝቅ ለማድረግ ይፈቅዳሉ። ወይም ኮርድ የሚባለውን ነገር ትቶ አንድ የማይለወጥ የባስ ድምፅ ብቻ ከሥር ማስቀመጥ ነው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ሙዚቃችን ባለ አንድ ዜማ ስለሆነ የኮርድ ለውጥ አይናፍቀውም። ሳልረሳ፣ ከእያንዳንዱ ቅጂ በፊት የክራሩን ክሮች አንድ በአንድ አስመትተው ይቅዱ፤ በክፍሉ ሙቀት የተነሣ ቅኝቱ ሲንሸራተት መመለሻ ይሆንዎታል። ዋሽንት ተጫዋቹም ከአንድ በላይ ዋሽንት ይዞ እንዲመጣ አስቀድመው ይንገሩት፣ እያንዳንዱ ዋሽንት የራሱ ከፍታ አለውና።

ስለ ሚክሲንግ ብዙ አልልም። ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን የወፍራም ድምፅ ቦታ ክራርና መሲንቆ እምብዛም ስለማይጠቀሙበት ለባሱ ይስጡት። መካከለኛውን ክልል ግን ለመሲንቆውና ለድምፃዊው ባዶ ይተዉላቸው፤ የሚያምር የሲንተሳይዘር ድምፅ አግኝተው እዚያ መሙላት ሲያምርዎ እጅዎን ይሰብስቡ። የማሽኑ ትልቅ ከበሮና የቆዳው ከበሮ አንድ ላይ የሚመቱ ከሆነ አንዱን ያውጡ። መሲንቆው ላይ የሚሰማው የጭራው ፍትጊያ፣ የጣቱ መንሸራተት፣ የተጫዋቹ ትንፋሽ ቆሻሻ አይደለምና አያጽዱት። በዚህ ረገድ ሙዚቀኛው ሚካኤል ሰይፉ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣውን «ዘላለም» ያዳምጡ፤ እንደገና ሙሉ የተባለውን ሙዚቀኛ ሥራዎችም አብረው ይስሟቸው። ሁለቱም የአዲስ አበባ ልጆች ናቸው፤ ሥራቸውም ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ በሚለው መጠሪያ ይታወቃል። በእነሱ ሥራ ላይ ማሽኑ ባህላዊውን ድምፅ አያጅበውም፤ ከዚያው ድምፅ ቆርሶ ምቱን ራሱን ይሠራበታል።

በጥያቄዎ መጨረሻ፣ ተጫዋች ከማስመጣት ይልቅ ከድሮ ካሴቶችና ከኢንተርኔት ሳምፕል (የሌላ ሰው ቀረጻ ቁራጭ) ቆርጦ መጠቀም ይቀላል ወይ ብለዋል። ይቀላል፤ ግን አልመክርዎትም። ዲፕ ፎረስት የተባሉት የፈረንሳይ ሙዚቀኞች እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጡት አልበም ላይ በዓለም የታወቀው ዘፈናቸው የተሠራው አፉናክዋ የምትባል የሰሎሞን ደሴቶች ሴት ባዜመችው የእሹሩሩ ዜማ ነው። ድምፅዋን የቀረጹት የሙዚቃ ተመራማሪው ሁጎ ዜምፕ ነበሩ። አልበሙ በሚሊዮኖች ተሸጠ፤ አብዛኛው አድማጭ ግን ድምፁን የመካከለኛው አፍሪካ ደን ነዋሪዎች ድምፅ አድርጎ ነበር የተቀበለው፤ ዜምፕም በኋላ ተቃውሟቸውን በጽሑፍ አሳተሙ። ዘፈኑ አሁንም ደስ ይላል፤ እኔ ግን ታሪኩን ካወቅሁ በኋላ እንደ ድሮው ልሰማው አልቻልኩም።

በእኛም አገር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኞች የራሳቸውን መብት ሰጥቷል። ዜማው የሕዝብ ነው ማለት መሲንቆውን የመታው አዝማሪ አፈጻጸም የማንም ነው ማለት አይደለም። ስለዚህ ስቱዲዮ ከመግባትዎ በፊት ክፍያው በአንድ ጊዜ ይሁን ወይስ ከገቢው ድርሻ ይኑረው ተነጋግረው በጽሑፍ ያስቀምጡት፤ የተጫዋቹም ስም ከመሣሪያው ጋር በአልበሙ ላይ ይውጣ። ቀረጻውን ቆርጠው በሌላ ዘፈን ሊጠቀሙበት ወይም ለሌላ አቀናባሪ ሊሰጡት ካሰቡ ደግሞ ያንን በውሉ ላይ ለይተው ያስጽፉ፤ ጠቡ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከሁለተኛው ዘፈን ነው።