መልስ፦ የእሽቅድምድም ፈረሱ ኤክሊፕስ እውነት ተሸንፎ አያውቅም?
አዎ ወንድሜ፣ ኤክሊፕስ አንድም ጊዜ አልተሸነፈም። 18 ጊዜ ሮጦ 18ቱንም አሸንፏል። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1764 እንግሊዝ ውስጥ፣ ፀሐይ በጨለመችበት ዕለት ነው፤ ስሙም ከዚያ መጣ፣ ኤክሊፕስ በእንግሊዝኛ ግርዶሽ ማለት ነውና። መሮጥ የጀመረው ግን አምስት ዓመት ሞልቶት ነው።

በ1769 ኤፕሶም በተባለው የእንግሊዝ የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ላይ ዴኒስ ኦኬሊ የተባለ አየርላንዳዊ ቁማርተኛ "ኤክሊፕስ አንደኛ፣ ሌሎቹ የትም" ብሎ አስያዘ፤ ያኔ ከአሸናፊው 240 ያርድ፣ ማለትም ወደ 220 ሜትር፣ ርቆ የቀረ ፈረስ ደረጃ ስለማይሰጠው ነው እንዲህ ያለው። እንዳለውም ሆነ! በኋላ ፈረሱን ራሱ ገዛው።

ውድድር ያቆመው ደክሞ አይደለም። ይሸነፋል ብሎ የሚወራረድ ሰው ስለጠፋ ነው። ከዚያ ለእርባታ ዋለ፣ በ1789 ሞተ። ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው፦ ዛሬ ያሉት አብዛኞቹ የቶሮብሬድ (ለእሽቅድምድም የሚረባ ዝርያ) ፈረሶች በአባት በኩል የእሱ ዘሮች ናቸው።