ከመፍታቱ በፊት የሚጠይቅ መካኒክ ፈልጉ

ይድረስ በናፍጣ መኪና ለምትተዳደሩ ወጣት ሹፌሮችና ባለንብረቶች፣

ለጤና ይስጥልኝ ልጆቼ።

ባለፈው ሰሞን ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። የእህቴ ልጅ ነው። ማዳበሪያ ጭኖ ከጅቡቲ እየመጣ ሎግያ ላይ ቆሟል። «ጋሼ፣ ነዳጅ ስረግጥ ጉልበት ያጣል፣ ከዚያ ይጠፋል። መካኒክ ጠራሁ። ፖምፓው ሞቷል፣ ይውረድ እያለኝ ነው» አለኝ። ፖምፓ የምንለው ናፍጣውን ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚልከውን ዕቃ ነው። ድምፁ ይንቀጠቀጣል። መኪናውን በብድር ገዝቶ ገና ዓመት አልሞላውም።

«ሰውየው ምን ጠየቀህ?» አልኩት።

«ምንም። ጋቢናውን አንስቶ እንዳየ ነው የነገረኝ።»

«እንግዲያው አታስነካው። እዚያው እደር» አልኩት።

በማግስቱ ጠዋት ሌላ ልጅ አገኘ። መንገድ ዳር ሸራ ወጥሮ የሚሠራ ነው። ይህ ልጅ ቁልፍ ከማንሳቱ በፊት «መጨረሻ ነዳጅ የቀዳኸው የት ነው?» ብሎ ጠየቀው። ማደያው ሰልፍ ስለነበረው ከጀሪካን ነበር የገዛው። ልጁ የናፍጣውን ውሃ ማጣሪያ ከታች አላላና በተቆረጠ ሃይላንድ ተቀበለው። ግማሹ ውሃ ነበር። ናፍጣው ከላይ ተንሳፍፏል፣ ውሃው ከታች ተኝቷል። ታንከሩንም ከሥሩ አንጠፈጠፈው፣ ፊልትሮ (ማጣሪያ) ቀየረ፣ አየሩን አስወጣ፣ መኪናው ተነሳ። ፖምፓው ዛሬም እየሠራ ነው።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ስለዚያ ልጅ ጥያቄ ብዬ ነው።

እኔ ጋራዥ የገባሁት በ1974 ዓ.ም. ነው፤ የ17 ዓመት ልጅ ሆኜ። መጀመሪያ ሥራዬ ዕቃ በናፍጣ ማጠብ ነበር። ከዚያ ረዳት፣ ቀጥሎ መካኒክ፣ ኋላም ካፖ፣ የመካኒኮች አለቃ፣ ሆንኩ። ቃሊቲ ላይ የራሴን ጋራዥ ከፍቼም ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን ጉልበቴ ስለደከመ ለልጆቹ ትቼዋለሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን «እስኪ ጥሩ ጋራዥ ጠቁመኝ» ያለኝ ሰው ብዙ ነው። ጠቁሜያለሁ። ግን የጠቆምኩት ቤት መካኒኩ ይለቃል፣ ካፖው ያርፋል፣ ባለቤቱ ይለወጣል። ስለዚህ የቤት ስም ከምነግራችሁ ምልክቱን ብነግራችሁ ይሻላል። ታማኝ መካኒክ ከመፍታቱ በፊት ይጠይቃል። ሌላው የምላችሁ ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

ይህን የተማርኩት በሰው ገንዘብ ነው። ላውራችሁ።

ጊዜው 1970ዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። አንድ ባለ ኤንትሬ መጡ። ኤንትሬ የምንላት ፊያት 682 ኤን 3ን ነው፤ የዛሬ ልጆች ላታውቋት ትችላላችሁ። የአገሩን እህልና ቡና በጀርባዋ አዝላ የኖረች መኪና ናት። ሰውየው በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ ያላቸው ንብረትም እሷው ብቻ ነች። ሦስት ወር ሙሉ አቧራ መንገድ ላይ እህል ሲጭኑ ከርመው ነው የመጡት። «ጥቁር ጭስ ታጨሳለች፤ ዳገት አልወጣም ብላለች» አሉኝ።

እኔ መካኒክ ከተባልኩ ገና ዓመቴ ነው። እጄ ለመፍታት ይቸኩላል። ፋሻዋን፣ የፒስተኑን ቀለበት፣ ጨርሳለች አልኩ። የት እንደከረመች አልጠየቅኋቸውም። ቴስታታውን፣ የሞተሩን ራስ፣ አወረድኩ። ፒስተን አወጣሁ። ፋሻ ተቀየረ፣ በቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ተቀየረ። 11 ቀን ፈጀብኝ። ገጥሜ ሳስነሳት ያው ጥቁር ጭስ።

ካፖዬ መጡ። ምንም አልተናገሩኝም። እጅጌያቸውን ሰበሰቡና የአየር ማጣሪያውን ሳህን ከታች ፈቱት። ኤንትሬ የምትተነፍሰው በዘይት ሳህን በኩል ነው፤ አቧራው ዘይቱ ላይ ይቀራል፣ የጠራው አየር ወደ ሞተር ያልፋል። ሳህኑ ውስጥ ዘይት የሚባል ነገር አልነበረም። ከአቧራው ጋር ተላቁጦ እንደ ሸክላ ጭቃ ጠጥሯል። ካፖው በጣታቸው ዛቅ አድርገው መዳፌ ላይ አኖሩት። ሞተሩ ታፍኖ ነበር። ማጣሪያው በናፍጣ ታጥቦ አዲስ ዘይት ሲገባበት ጭሱ ጠፋ። የ15 ደቂቃ ሥራ።

ሰውየው ሙሉውን ከፈሉ። የፋሻውንም፣ የጓርኒሲዮኑንም፣ የእጅ ዋጋውንም። 11 ቀን ቆማ የዋለችውም በእሳቸው ላይ ነው። የጋራዡ ባለቤት ዝም በል አለኝ፤ ዝም አልኩ። «እጅህ ይባረክ» ብለውኝ ሄዱ። ከዚያ በኋላም እየመጡ ዓመታት እኔው ጋ አሠሩ። አልነገርኳቸውም። አሁን በሕይወት የሉም። ያ ምርቃት እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

ታዲያ መካኒኩ ምን ምን ሊጠይቃችሁ ይገባል? መቼ ጀመረው? ቀዝቃዛ እያለ ነው ወይስ ከሞቀ በኋላ? ባዶውን ሲሄድ ነው ወይስ ተጭኖ? ከእኔ በፊት ማን ነካው? ጭሱ ምን ዓይነት ነው? ጭስ ብዙ ይናገራል። ጥቁር ከሆነ ወይ ናፍጣው በዝቷል ወይ አየሩ አንሷል። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ነጭ ሆኖ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ ካልተወ ናፍጣው ሳይቃጠል እየወጣ ነው፣ አለዚያም ውሃ ገብቷል። ውሃ ከጠረጠረ የዘይት መለኪያውን ስቦ ያያል፤ ውሃ የገባበት ዘይት ማኪያቶ ይመስላል። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ ያስነሳል። ውሃው አረፋ እየደፈቀ ከወጣ ችግሩ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ወይም ራሱ ቴስታታው ነው። ይህ ሁሉ አንድ ብሎን ሳይፈታ የሚታይ ነው። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ይህን ሳያደርግ «ሞተር ይውረድ» የሚላችሁን አመስግናችሁ ውጡ።

አዲስ መኪና ያላችሁ ደግሞ ሌላ ነገር አለባችሁ። ድሮ የደከመውን ሲሊንደር ለመለየት ሞተሩ እየሠራ ናፍጣ የሚረጩትን የኢንጄክተሮቹን ቧንቧ ዳዶ (ማሰሪያ) አንድ በአንድ እናላላ ነበር። ሲላላ ድምፁ ካልተለወጠ ያ ሲሊንደር ሥራ ፈቷል ማለት ነው። ኮመን ሬል ባለው ሞተር ላይ፣ ማለትም ናፍጣው በከፍተኛ ግፊት ከአንድ የጋራ ቧንቧ (ሬል) ለኢንጄክተሮቹ በሚከፋፈልበት አዲስ ሞተር ላይ፣ ይህን ሊያደርግ የሚነሳ ሰው ካያችሁ እጁን ያዙት። እዚያ ቧንቧ ውስጥ ግፊቱ ከ1,600 ባር በላይ ሊደርስ ይችላል። ናፍጣው እንደ መርፌ ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ሰው እጁን ሊያጣበት ይችላል። ይህን የማያውቅ ሰው መኪናችሁንም አያውቀውም።

«ኮምፒውተር አለን» የሚለው ማስታወቂያም አያታልላችሁ። ኮምፒውተሩማ ይገዛል። ኮዱን ካነበበ በኋላ የሚያደርገውን እዩ። የሬሉ ግፊት ዝቅ ብሏል የሚል ኮድ ሲወጣ አንዱ ወዲያው ፖምፓ ግዛ ይላል። ሌላው ፊልትሮው ተደፍኖ እንደሆነ ያያል፣ ከታንከር የሚስበው ቧንቧ አየር ያስገባ እንደሆነ ይፈትሻል፣ ከየኢንጄክተሩ የሚመለሰውን ናፍጣ በየብልቃጡ ተቀብሎ ያወዳድራል። የቱ ከመጠን በላይ እንደሚመልስ በዓይናችሁ ያሳያችኋል። ቧንቧ ሲፈታም አፉን ወዲያው ይከድነዋል፤ የአቧራ ቅንጣት ለእነዚህ ኢንጄክተሮች መርዝ ናት። እንዲህ ያለ ልጅ ካገኛችሁ ዕድሜው ትንሽ ነው ብላችሁ እንዳትንቁት። ከእኔ የተሻሉ ብዙ ወጣቶች አይቻለሁ፤ ደስም ይለኛል።

እዚህ ላይ እናንተንም ልውቀሳችሁ። ሹፌሮች ፖምፓ ቤት ሄዳችሁ «ጉልበት ጨምርልኝ» ትላላችሁ። የአገራችን መንገድ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ጅቡቲ ባሕሩ ጠርዝ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ትገኛለች። እዚህ ላይ አየሩ ከባሕር ጠርዙ ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ መኪናው ከፍታ ላይ ቢደክም አይገርምም። ናፍጣውን ሲጨምሩለት ለጊዜው ይሮጣል፤ ጥቁር ጭሱም ይጨምራል። አፋር በረሃ ላይ ሙሉ ጭነት ይዞ ሲጋል ግን ያ ትርፍ ናፍጣ ፒስተን ያቀልጣል፣ ቴስታታ ይሰነጥቃል። «አልጨምርልህም» ብሎ የመለሳችሁ ፖምፓ ሠሪ ካለ ስልኩን ያዙ። ያ ሰው ገንዘባችሁን እንቢ ብሎ ሞተራችሁን አትርፏል።

ፍሬን ላይም እንደዚሁ ነው። አንድ ጊዜ ወደ ጎጃም የሚጭን ወጣት ለዘይት ቅያሪ መጣ። ሥሩ ስገባ የኋላው ፍሬን ሸራ ብሎኑ ሊነካ ደርሷል። «ደርሼ እስክመለስ ብቻ» አለኝ። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ሊወርድ ነው እኮ! ቁልፉን ኪሴ ከተትኩት። ሰደበኝ። ባለንብረቱ ድረስ ደወለ። ሸራው ተቀይሮ በማግስቱ ወጣ። ለሚቀጥለው ሰርቪስ የመጣው እኔው ጋ ነው። ደንበኛ እንዳይቀየም ብሎ ፍሬን የሌለው መኪና የሚያወጣ ጋራዥ ዋጋው ቢረክስም አትግቡበት።

ስለ መለዋወጫ ብዙ ስለምትጠይቁኝ ትንሽ ልበል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋ ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ዋጋ ሲወደድ ተመሳሳይ ዕቃም ይበዛል። መርካቶ ሶማሌ ተራ ስትወርዱ የወረደውን አሮጌ ዕቃ ይዛችሁ ውረዱ፤ ቁጥሩን ከቁጥሩ፣ ክብደቱን ከክብደቱ አስተያዩ። መካኒኩ አብሯችሁ ቢሄድ ጥሩ ነው፤ ግን ዋጋውን እናንተ ተነጋገሩ፣ ደረሰኙንም እናንተ ተቀበሉ። ከሱቁ ኮሚሽን የሚቀበል መካኒክ አለ፤ ከጋራዡ ኮሚሽን የሚቀበል ሹፌርም አለ። ሁለቱም የሚበሉት ከአንድ መኪና ላይ ነው። ባለንብረት ያመናችሁ ሹፌሮች፣ እባካችሁ ይህቺን ገንዘብ አትንኳት።

የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ ሁልጊዜ ተቀበሉ። አንዳንድ ቤት የሌላ መኪና አሮጌ ዕቃ አንስቶ ይሰጣችኋል። እኔ ለዘመዶቼ የምነግራቸው ብልሃት አለ፤ መኪናው ከመፈታቱ በፊት ይቀየራል በተባለው ዕቃ ላይ በሚስማር ትንሽ ምልክት ጫሩበት። ምልክቱ ካለ ተቀይሯል። ታማኙ መካኒክ ምልክቱን ሲያይ አይከፋውም፤ እንዲያውም ዕቃውን ጨርቅ ላይ አስቀምጦ የት ጋ እንደተበላ በጣቱ ያሳያችኋል።

ከባድ ሥራ ከሆነ በወረቀት ይሁን። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ምን ይሠራል፣ ዕቃ ማን ይገዛል፣ ስንት ቀን ይፈጃል፣ ተመልሶ ቢበላሽ ወጪውን ማን ይችላል፤ አራቱ ከተጻፉ ይበቃል።

አንድ ትልቅ ስህተት አያለሁ። ጋራዥ የምትፈልጉት መኪናው ከቆመ በኋላ ነው። ጭነት ላያችሁ ላይ እያለ፣ ባለዕቃው እየደወለ፣ የባንኩ ክፍያ ደርሶ፣ ያን ጊዜ ማንም ያገኘ ይፈታዋል። እናንተም የምትመርጡበት ልብ አይኖራችሁም። መኪናው ደህና ሳለ ፈልጉ። ለትንሽ ሥራ ግቡ፤ ዘይት ቅያሪና ግራሶ በቂ ነው። ቁጭ ብላችሁ ሻይ አትጠጡ፤ ቆማችሁ እዩ። ፊልትሮውን ከመፍታቱ በፊት ዙሪያውን ጠረገ ወይ? ግራሶ የሚገባባቸውን ቦታዎች ሁሉ አዳረሰ ወይስ እጁ የደረሰበትን ብቻ? የዘይቱን መፍሰሻ ቡሎን ሲያጠብቅ ክሩ እንዳይበላ መጀመሪያ በእጁ አስገባው ወይ? ያልጠየቃችሁትን ነገር አይቶ ነገራችሁ ወይ?

በመንገዳችሁም ላይ እንዲሁ አድርጉ። ሚሌ፣ ገዋኔ፣ አዋሽ፣ አዳማ፤ በምታርፉበት ከተማ ሁሉ አንድ አንድ ሰው ይኑራችሁ። ሸራ ሥር ይሥራ ግድ የለም። ከተዋወቃችሁ በኋላ ሒሳቡን በሰዓቱ ክፈሉት። የሆነውን ሁሉ እውነቱን ንገሩት፤ ሙቀቱ ቀይ ላይ ደርሶ ነድታችሁ ከሆነ ነድቻለሁ በሉት። የተደበቀ ነገር ይዞ ትክክል የሚሠራ መካኒክ የለም።

ቀኑንም ልምረጥላችሁ። ቅዳሜ 10 ሰዓት ላይ ሂዱ፤ ሥራ ሊያልቅ ሲል። ቁልፎቹ ተቆጥረው ወደ ሳጥናቸው ሲመለሱ፣ ወለሉ ላይ የፈሰሰው ዘይት ላይ ሰጋቱራ ሲበተን እዩ። ከሁሉም በላይ ትንሹን ረዳት ልጅ ተከታተሉት። አንድ ነገር ግራ ገብቶት «ካፖ፣ ይህ ለምንድነው?» ብሎ ሲጠይቅ ጆሯችሁን ጣሉ። አንዱ ካፖ «ዝም ብለህ ፍታ!» ይለዋል። ሌላው መዳፉን በጨርቅ ይጠርግና አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ ያሳየዋል። መኪናችሁን ለዚህኛው ስጡት።