ቀይ ብቻ የሚበራው ነጠላ ጫማ

ጥያቄ፦ «የምጽፍልዎ ከባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ ነው። ለአምስት ዓመት ልጄ ስትራመድ የሚበራ ነጠላ ጫማ ገዝቼላት ነበር። ማታ ከአያቷ ቤት ስንመለስ መብራት ከጠፋ መንገዱ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ክረምቱ ሲወጣ የግራው ጭራሽ ጠፋ። የቀኙ ደግሞ ሰማያዊውና ነጩ ቀርቶ ቀዩ ብቻ ይበራል። ባትሪ ይቀየርለታል ወይስ ልጣለው? ለማታ መንገድስ እምነት ይጣልበታል?»

እህቴ፣ «ቀዩ ብቻ ይበራል» ብለው መጻፍዎ ብዙ ልፋት አስቀረልኝ። የቀኙ ባትሪው ደክሟል። ቀይ ኤልኢዲ፣ ማለትም ትንሿ ቀይ መብራት፣ 2 ቮልት አካባቢ ካገኘ ይበራል። ሰማያዊና ነጭ ግን ወደ 3 ቮልት ይፈልጋሉ። ውስጥ ያለችው ክብ የሰዓት ባትሪ አዲስ ሆና 3 ቮልት ነች። ትንሽ ስትወርድ ሰማያዊውና ነጩ ቀድመው ይሰናበታሉ፣ ቀዩ ብቻውን ይቀራል። እየበራና እየጠፋ እስከሰራ ድረስ ሽቦውም መብራቱን የሚያዝዘው ቺፑም ደህና ናቸው ማለት ነው።

የግራው ሌላ ጉዳይ ነው። ጨለማ ክፍል ይግቡና ተረከዙን ሲሚንቶ ላይ ጠንከር አድርገው ይምቱት። ተረከዙ ውስጥ በጣም ቀጭን ስፕሪንግ አለ። መሃሏ ላይ አንዲት ዘንግ ቆማለች። ልጅ ስትረግጥ ስፕሪንጓ ትወዛወዝና ዘንጓን ትነካለች። ያኔ ቺፑ ይነቃል፣ ለጥቂት ሴኮንድ መብራቱን ያብለጨልጫል፣ መልሶ ይተኛል። ሲመቱት ጭል ብሎ ከጠፋ ባትሪው ነው። ጎንበስ ቀና ሲያደርጉት ብቻ ከበራ ሽቦ ተበጥሷል። ሳይነኩት በርቶ ከዋለ ስፕሪንጓ ተጣብቃለች ወይም ውኃ ገብቶ አገናኝቷታል። ምንም ካልመለሰልዎ ደግሞ መብራቱ የሚታይበትን ግልጽ ፕላስቲክ በደንብ ይዩት። ውስጡ ጉም ከቋጠረ ወይም አረንጓዴ ነገር ካዩ ውኃ ገብቶ መዳቡን በልቶታል። ክረምት ከወጣ በኋላ የጠፋ ከሆነ እኔ የምጠረጥረው ይህንኑ ነው።

ባትሪው ይቀየራል ወይ? ይቀየራል፣ ግን እቤት አይሞክሩት። እነዚህ ጫማዎች እንዲከፈቱ ተብለው አልተሠሩም። ባለሙያ ዘንድ ሲወስዱት ሥራው እንዴት መሄድ እንዳለበት ልንገርዎት፣ ቆመው ይዩት። ላይኛው ስስ ፎም በፀጉር ማድረቂያ ለስለስ ተደርጎ ከተረከዙ በኩል ይነሳል። ከሥሩ እንደ ጄሊ ያለ ግልጽ ፕላስቲክ ውስጥ የተቀበረ ዕቃ ይወጣል። ፕላስቲኩ በባትሪው በኩል ብቻ በካተር ይሰነጠቃል። ባትሪው ብዙ ጊዜ ሲአር 2032 ነው። ስፋቱ 20፣ ውፍረቱ 3.2 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ቀጠን ያለ ከሆነ 2016 ይሆናል። ሠሪው ቁጥሩን ሳያነብ «ይሄ ይሆናል» ካለዎት ይመልሱት።

ሁለት ነገር ላይ ድርቅ ይበሉ። አንደኛ፣ ሶልደሩ፣ ሽቦ የሚበየድበት የጋለ ብረት፣ ባትሪው ላይ በቀጥታ እንዳያርፍ። የሊቲየም ባትሪ ሲግል ሊፈነዳ ይችላል። ከፋብሪካ የብረት ጆሮ ተበይዶለት የሚመጣ አለ፣ ሽቦው እዚያ ጆሮ ላይ ነው የሚያያዘው። ሁለተኛ፣ የተሰነጠቀው ፕላስቲክ መድፈኛው። ሆምጣጤ ሆምጣጤ የሚሸት ሲሊኮን አለ፣ ለመስኮት የሚሆን። እሱ ሲደርቅ የሚያወጣው አሲድ መዳቡን ይበላዋልና ከሁለት ወር በኋላ እዚያው ችግር ላይ ነዎት። የማይሸተው ዓይነት ይሁን፣ አንድ ቀንም ይደር። ሆት ግሉ ደግሞ ይይዛል እንጂ ውኃ አይከለክልም። ፎሙን መልሶ መለጠፉን ለጫማ ሰፊ ይተዉት። ማስቲሹን ሁለቱም ፊት ቀብቶ፣ ትንሽ አናፍሶ ነው የሚያጣብቀው። ሱፐር ግሉ ፎም ላይ ደርቆ ይሰነጠቃል።

አረንጓዴ የሆነው የግራው ከሆነ ብዙ ተስፋ አልሰጥዎትም። በንጹሕ አልኮል ታጥቦ የሚነሳ አለ። የእጅ ሳኒታይዘር አይሆንም፣ ግሊሰሪን ስላለበት ይጣበቃል። ነገር ግን ቺፑ ጋ ከደረሰ ልፋት ነው።

አሁን እቤት አይሞክሩት ወዳልኩበት ምክንያት ልምጣ። ይህች ባትሪ ለትንሽ ልጅ አደገኛ ነች። ከተዋጠች ጉሮሮ ላይ ትቆምና እርጥቡ ሥጋ ሲነካት ኤሌክትሪክ ያልፋል። ከዚያ የሚፈጠረው አልካሊ የሚባል ኬሚካል ሥጋውን ያቃጥላል፤ በ2 ሰዓት ውስጥ ከባድ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። መብራት ማብራት ያቃታት «የሞተች» ባትሪም ለማቃጠል የሚበቃ ጉልበት አላት። ስለዚህ ከጫማው የወጣችውን አሮጌዋን ራስዎ ይቀበሉ፣ በሁለቱም ፊት ናስትሮ ይጠቅልሉባት፣ ልጅ ከማይደርስበት ያድርጓት። ተረከዙ ተቀዶ ፕላስቲኩ ከታየ ደግሞ ያን ጫማ በዚያው ቀን ከልጅቷ እግር ያውጡት።

ዋጠች ብለው ከጠረጠሩ ምልክት አይጠብቁ፣ ወዲያው ወደ ሆስፒታል። ለማስመለስ አይሞክሩ። ልጅቷ አንድ ዓመት ካለፋት፣ መዋጥ ከቻለችና ከዋጠች ከ12 ሰዓት ያልበለጠ ከሆነ፣ መንገድ ላይ እያሉ በየ10 ደቂቃው ሁለት የሻይ ማንኪያ ማር መስጠት ይቻላል፣ ቢበዛ ስድስት ጊዜ። ጉዳቱን ያዘገየዋል። ከማር ሌላ ምንም አይስጧት። ማር እቤት ከሌለ ግን ፍለጋ አይውጡ።

እምነት ይጣልበታል ወይ ላሉት፣ በከፊል። ጥሩ ጎኑን አልክድም። የባጃጅ መብራት ዝቅ ብሎ መጀመሪያ የሚያገኘው እግርን ነው። ደግሞ ከፍ ዝቅ የሚል ነገር ሲያይ ሾፌሩ «ሰው ነው» ብሎ ቶሎ ይለያል። ሳይክል በሞላበት በእኛ ከተማ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ችግሩ ስፕሪንጓ ላይ ነው። ልጅቷ ስትቆም ጫማው ይጠፋል። ልጅ ደግሞ የሚቆመው የት ነው? አስፋልት ዳር፣ ለመሻገር። ልክ መታየት ያለባት ሰዓት ላይ ጨለማ ትሆናለች። ብልጭታው ከፊቷ ያለውን ጉድጓድም አያሳያትም፣ ለሌላው መታያ ነው እንጂ ለእሷ ማያ አይደለም። ሐይቁ ዳር የምትኖሩ ሰዎችማ ታውቁታላችሁ፤ ጉማሬ ለግጦሽ የሚወጣው ማታ ነው። ከሩቅ የሚያሳይ የእጅ ባትሪ በእርስዎ እጅ ይሁን፣ ልጅቷ ከመኪና በራቀው በኩል እጅዎን ይዛ ትሂድ።

ባትሪው ቶሎ እንዳያልቅ ከፈለጉ ደግሞ ወደ ጎንደር ሲሄዱ ጫማውን ሻንጣ ውስጥ እንዲሁ አይጣሉት። ማጥፊያ የለውም። መኪናው በዘለለ ቁጥር እየበራ 180 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። በፎጣ ጠቅልለው ልብስ መሃል ይክተቱት። ከታጠበ በኋላ ጥላ ውስጥ ይድረቅ፣ ከሰል አጠገብ በጭራሽ።

የግራው ካልተነሳ መብራቱን አስወጥተው ቀዳዳውን በፎም ያስደፍኑት። ከዚያ ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ ለከባድ መኪና የሚለጠፈውን አንጸባራቂ ፕላስተር ትንሽ ይግዙና በሁለቱም ጫማ ተረከዝና ውጭ ጎን ላይ ይለጥፉ። ባትሪ አይፈልግም፣ ልጅቷ ስትቆምም ይሠራል፣ የመኪና መብራት እስካረፈበት ድረስ። ከመለጠፍዎ በፊት ፎሙን በአልኮል ይጥረጉት፣ ጫፎቹንም በመቀስ ክብ አድርገው ይቁረጡ። ሹል ጫፍ ቶሎ ይላጣል።