ክብ ቤት፣ ቀጥ ያለ ፌሮ

ጥያቄ፦ ጅማ ከተማ፣ ወደ አዌቱ ወንዝ ዝቅ ባለ ቦታ ላይ ከዳር እዳር 8 ሜትር የሚሆን ክብ የጀበና ቡና ቤት ልሠራ ነው። ፎርማኑ የወለሉን ፌሮ ከመሃል ወደ ዳር እንደ ፀሐይ ጨረር እንዘርጋው ይላል። ወንድሜ ደግሞ እንደማንኛውም ቤት ይዘርጋ ባይ ነው። ማንን ልስማ?

መልስ፦ ወንድምዎን። ክብ የሚሆነው ጠርዙ ብቻ ነው። የቤቱ ዙሪያ 25 ሜትር ያህል ስለሆነ ዳር ላይ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ አንድ ፌሮ ቢቀመጥ 125 ፌሮ ወደ መሃል ይጓዛል። መሃሉ ጋ ለመድረስ ግማሽ ሜትር ሲቀረው ከአንዱ ፌሮ መሃል እስከ ቀጣዩ መሃል 2.5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። ጠጠሩ እዚያው ይሰነቀራል፣ ኮንክሪቱን እየነዘረ የሚያጠጋጋው ቪብሬተርም አይገባም። ባለ 8 ሚሊ ፌሮ በሁለቱም አቅጣጫ በየ20 ሳንቲ ሜትር ይዘርጋና ጫፉ በክቡ ልክ ይቆረጥ። ከወለሉ ፊት 4 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ በመደገፊያ ይቀመጥ፤ ሠራተኛ እየረገጠው መሬት ላይ የተኛ ፌሮ ስንጥቅ አይዝም።

ከወለሉ ዳር ሥር የሚዞረው ቢም (የኮንክሪት አግዳሚ) ግን ክብ ነው፤ ፌሮውም ይጎብጣል። አንድ ፌሮ 12 ሜትር ስለሆነ ዙሪያውን ለመዝጋት ሦስት ቦታ መደራረብ የግድ ነው። ለባለ 12 ፌሮ መደራረቢያው 60 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ የላይኛውና የታችኛው ግን አንድ ቦታ ላይ አይግጠሙ። የጎበጠ ፌሮ ሲወጠር ቀጥ ልበል ብሎ ኮንክሪቱን ወደ ውስጥ ስለሚገፋ ስታፋው (ፌሮዎቹን አቅፎ የሚይዘው ቀለበት) ዙሪያውን የተዘጋ መሆን አለበት።

ለልኬት መሃል ላይ ፌሮ ቸክላችሁ በኮንክሪት አጽኑት። ሲባጎ ስለሚለጠጥ ሽቦ ይሻላል። ክቡ ከተሰመረ በኋላ ከነጥብ ወደ ነጥብ በቀጥታ 4 ሜትር እየለካችሁ ዳሩን ዙሩ፤ ስድስተኛው ልክ መነሻው ላይ ካላረፈ አንድ ቦታ ተሳስታችኋል። ለፎርምወርክ የ1 ሜትር ጣውላ ከክቡ 3 ሳንቲ ሜትር ይሸሻል፣ የግማሽ ሜትሩ ደግሞ 8 ሚሊ ሜትር። ባለ 6 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ሁለት ድርብ ማጉበጥ የተሻለ ነው፤ እርጥብ ኮንክሪት ወደ ውጭ እንዳይገፋው በየ50 ሳንቲ ሜትር ካስማ ይመታ።

ወለሉ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ከሥሩ የሚወርደው ቢም 25 በ30 ቢሆን ከብክነቱ ጋር 7.2 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ይፈልጋል። በሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ቢያዝ 52 ከረጢት መሆኑ ነው።

ወለሉ እንዳሻው እንዳይሰነጠቅ በማግስቱ የሚቆረጠው መስመርም ከመሃል አይነሳ፤ እንደ ድፎ ዳቦ ቁራሽ የሾለው ጫፍ ይሰበራል። በሁለቱም አቅጣጫ ሁለት ሁለት ቀጥ ያለ መስመር በየ2.7 ሜትሩ፣ ጥልቀቱ 2.5 ሳንቲ ሜትር፣ ይበቃል።

ያልጠየቁን ግን ከሁሉ የሚቀድመው አፈሩ ነው። ከላይ ዳገቱ ላይ ያለው ቀይ አፈር ብዙም አያስቸግርም። ዝቅ ያለው ቦታ መረሬ (ውሃ ሲነካው የሚያብጥ ጥቁር አፈር) ከሆነ፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ካለው፣ ክረምት ሲገባ ውሃ መጀመሪያ ዳሩን ያርሰዋል። መሃሉ ደርቆ ዳሩ ሲያብጥ 10 ሳንቲ ሜትር ወለል አይችለውም። ከላይ የሰጠነው ልክም ለዚያ አይሠራም። የአፈር ምርመራ አስደርገው መረሬው ምን ያህል ተቆፍሮ እንደሚወጣ መሐንዲስ ይወስን። የሚተካው ሴሌክት (የተመረጠ የሙሌት አፈር) በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ይደልደል፤ ዙሪያውንም የጎርፍ መውረጃ ያስፈልገዋል።