ጋላፊን ስታልፍ ኢንሹራንስህ አብሮህ ያልፋል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ኮምቦልቻ ነው የምኖረው፣ አንድ አይሱዙ አለችኝ፣ ፉል ኢንሹራንስ ገብቼላታለሁ። አሁን የጅቡቲ ጭነት አገኘሁና አንዱ ጓደኛዬ ፉል ከገባህ ሌላ ምንም አያስፈልግህም ይለኛል፣ ሌላው የሎ ካርድ ሳትይዝ እንዳትሄድ ይላል። የቱን ልስማ? ካርዱን ካወጣሁስ መኪናዬም ይሸፈንልኛል?

መልስ፦ ወንድሜ ሁለተኛውን ስማ። ፉል የምንለው፣ የራስህን መኪና ጉዳትም የሚሸፍነው ውል፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰራው አገር ውስጥ ብቻ ነው፣ ባቲም ሚሌም ላይ ይሰራል፣ የጅቡቲ ድንበር ላይ ያለችውን ጋላፊን ካለፍክ ግን የለም። የሎ ካርድ ማለት ድንበር ስታልፍ በሰው ላይ ለምታደርሰው ጉዳት የሚሰራ የኢንሹራንስ ካርድ ነው፣ ዛሬ ኮሜሳ በሚባለው የምስራቅና ደቡብ አፍሪካ የንግድ ማህበር ስር ያሉ አገሮች በ1986 በፈረንጆቹ የተስማሙበት ነው፣ ጅቡቲም ኬንያም ሱዳንም አሉበት። በሶስተኛ ወገን ኢንሹራንስህ ላይ ተጨምሮ ነው የሚሰጥህ፣ ስለዚህ መጀመሪያ የሶስተኛ ወገንህ ቀን እንዳላለፈ እይ።

መኪናዬስ ላልከው፣ አይሸፈንም። ብዙ ሾፌር የሚጎዳው እዚህ ላይ ስለሆነ በደንብ ያዝልኝ። ካርዱ ሰው ብትገጭ ወይ የሰው ንብረት ብታበላሽ በዛው አገር ህግ ልክ ይከፍልልሃል፣ አንተና ረዳትህ ብትጎዱም ለህክምና ይሆናል፣ የራስህ አይሱዙ ተገልብጣ ካቢናዋ ቢጨፈለቅ ግን ከኪስህ ነው። ስለዚህ ኢንሹራንስህ ጋ ሂድና ፉሉ ጅቡቲንም እንዲጨምር ጠይቅ፣ ተጨማሪ ክፍያ ሊኖረው ይችላል ግን ክፈለው፣ ጅቡቲ የሚል ቃል ያለበት ማህተም ያረፈበት ወረቀት ሳይሰጡህ በስልክ "ችግር የለም ሂድ" ቢሉህ እሺ እንዳትል።

ካርዱን ስትቀበል እዛው መስኮቱ ላይ ቆመህ ሰሌዳውን፣ የሻንሲ ቁጥሩን፣ የሚጀምርበትንና የሚያልቅበትን ቀን ከሊብሬህ ጋር አስተያይ፣ አንድ ቁጥር ከተሳሳተ ድንበር ላይ የምትከራከረው አንተ ነህ። ዋናውን ያዝ፣ ስልክ ላይ ያለ ፎቶ አይበቃም።

አያድርገውና አደጋ ከደረሰ ፖሊስ ጥራ፣ ከዛ በዛው አገር የካርዱን ጉዳይ ለሚይዘው ቢሮ ደውል፣ አድራሻውን ከመነሳትህ በፊት ከኢንሹራንስህ ተቀበል። እኛ አገር በሽማግሌ መጨረስ ለምደናል፣ እዛ ግን ራስህ ጥፋቱ የኔ ነው እከፍላለሁ ብለህ ከፈረምክ ኢንሹራንሱ አልከፍልም ሊልህ ይችላል። ወረቀቱ በፈረንሳይኛ ከሆነና ካልገባህ የሚያስረዳህ ሰው ሳታገኝ አትፈርም።

ጭነቱንም ካርዱ አይሸፍነውም። ለዕቃው ኢንሹራንስ የገባው ማን እንደሆነ ከባለ ንብረቱ ጋር በጽሁፍ ሳትጨርሱ ከኮምቦልቻ እንዳትነሳ።