የምርጫ ትንበያ ለምትወዱ ልጆች

ምርጫ ሲቃረብ ጠንቋዩ ይበዛል። አንዱ የቴሌግራም ድምፅ መስጫ ይልካል፣ ሌላው የሰልፍ ፎቶ፣ ሌላው የታክሲ ሹፌር አለኝ ይላል። አትሳቁባቸው፤ ግን የትኛው የት ላይ እንደሚሰበር እወቁ።

ዋሽንግተን ያላችሁ ይህን ሳትሰሙት አትቀሩም። የከተማዋ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ከአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ በፊት በሜዳው የሚያደርገውን የመጨረሻ ጨዋታ ካሸነፈ ሥልጣን ላይ ያለው ፓርቲ ይቀጥላል፣ ከተሸነፈ ይወርዳል ይባላል። ከ1940 እስከ 1996 (እ.ኤ.አ.) በነበሩት 15 ምርጫዎች ሁሉ ልክ ሆኗል። 15 ጊዜ ዘውድና ጎፈር ጥላችሁ ሁሉንም የማግኘት ዕድላችሁ ከ32,768 አንድ ነው። ተአምር አይደለም ወይ? አይደለም፤ ደንቡ የተስተዋለው በ2000 ነው፣ ወደ ኋላ ታይቶ። ስንት ሺህ የስፖርት ቁጥር ተገላብጦ ይህ አንዱ እንደገጠመ ማን ቆጠረ? ከዚያ ወዲህ እስከ 2016 ያለውን ብቻ ቁጠሩ፦ 2000 ልክ፣ 2004 ስህተት፣ 2008 ልክ፣ 2012 ስህተት፣ 2016 ስህተት። ሳንቲሙ ሳይሻል አይቀርም። እንዲህ ያለ ደንብ ስትሰሙ መጀመሪያ የምትጠይቁት «መቼ ተነገረ?» የሚለውን ነው።

የቴሌግራሙ ድምፅ ደግሞ በሽታው ሌላ ነው። በ1936 (እ.ኤ.አ.) «ሊተራሪ ዳይጀስት» የተባለ የአሜሪካ መጽሔት 10 ሚሊዮን ያህል ወረቀት በፖስታ በትኖ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰበሰበ፤ ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደረው ላንደን ያሸንፋል አለ። ሥልጣን ላይ የነበረው ሩዝቬልት 46 ግዛት ወሰደ፣ ላንደን 2። ስሞቹ በብዛት የተለቀሙት ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለንብረቶች መዝገብ ነበር፤ በዚያ የችግር ዘመን ስልክና መኪና የማን እንደነበር አስቡት። ከዚህ የሚብሰው ግን መልስ የሚልከው የከነከነው ሰው መሆኑ ነው። 2 ሚሊዮን ሰው ያላስተካከለውን የእናንተ ቻናል 40 ሺህ ተከታይ አያስተካክለውም።

ሰልፍን በሜትር ለኩት። ርዝመቱን በወርዱ አባዙና በካሬ ሜትር ሳሳ ያለ ከሆነ 1 ሰው፣ ጠጋ ጠጋ ያለ ከሆነ 2፣ እጅ ማንሳት የማያስችል ከሆነ 4 ያዙ። 100 በ80 ሜትር የሆነ ሜዳ ጢም ቢል እንኳ 32,000 ነው። «ሚሊዮን ወጣ» ለማለት በዚያው ጥግግት 25 ሄክታር ያስፈልጋል፤ ፎቶው ደግሞ ሁልጊዜ የሚነሳው ከመድረኩ ፊት፣ ሰው ከሚጠጋጋበት ነው። ቆጠራው ልክ ቢሆን እንኳ የሚነግራችሁ ስለዚያ ከተማ ብቻ ነው። ሚያዝያ 30 ቀን 1997 ዓ.ም. በተቃዋሚው በቅንጅት ሰልፍ መስቀል አደባባይ ሞልቶ ነበር፤ በምርጫውም ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ መቀመጫዎች ጠቅልሎ ወሰደ። ፓርላማው ግን 547 መቀመጫ ነበረው።

የታክሲ ሹፌሩን ነገር አታድክሙት፤ ቲፕ የሚሰጠውን ሰው አይቃወምም።

ራሳችሁ ለመሞከር ካማራችሁ፣ የሚመችና ሰፊ ፈገግታ ያለውን ሰው ለይታችሁ አትጠይቁ። በምርጫ ጣቢያው በር ላይ ቁሙና ድምፅ ሰጥቶ የሚወጣውን እያንዳንዱን 10ኛ ሰው ፊቱን ሳታዩ ማንን እንደመረጠ ጠይቁ፤ ጠዋትም፣ ቀትርም፣ ማታም። እምቢ ያለውን ዝለሉት ግን መዝግቡት፤ ወንድ ይሁን ሴት፣ ዕድሜው በግምት። ከ100 ሰው 45ቱ እምቢ ካሉ በእጃችሁ ያለው የ55ቱ ወሬ ነው፤ ሪፖርታችሁ ላይም 45ቱን ከላይ ጻፉት።